ከበር የማይታይ ድንጋይ

አልማዝ ከመግዛቴ በፊት ስለ አልማዝ የማውቀው ውድ መሆኑን ብቻ ነበር። ከገዛሁ በኋላ ግን ከሚያስፈልገኝ በላይ ዐውቅ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለፉት ሳምንታት በዕድሜዬ ከሁሉ ይበልጥ በትጋት ያጠናሁባቸው ናቸው፤ ዕብራይስጥን እንኳ ኡልፓን የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ እንደዚያ አላጠናሁም።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች መጀመሪያ ላይ እስራኤል አገር አሽዶድ ከተማ ውስጥ የሆነ ነው። ያኔ ወደቡ ላይ ከመርከብ ከሚወርደው ስንዴ ናሙና እወስድ ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። ረጅም የብረት ቱቦ ክምሩ ውስጥ እሰካለሁ፣ የወጣውን በወንፊት እነፋለሁ፣ ከዚያም የተሰበረውን፣ የነቀዘውንና እንክርዳዱን ለይቼ ደረጃ ለሚሰጡት ሰዎች አቀርባለሁ። ሥራው ከባድ ባይሆንም ሰውን ይለውጣል። ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ስገዛ እንኳ እያንዳንዱን አገላብጬ ስለማይ ሻጮቹ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እጮኛዬ «እኔንም በወንፊት ነፍተህ ነው የወሰድኸኝ» ትለኝ ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም።

እጮኛዬ ከእናቷ ጋር ሮቫ ዳሌት የሚባል ሰፈር ትኖር ነበር። አባቷ ከኢትዮጵያ በእግር ሲመጡ ሱዳን ውስጥ ሞተው ቀርተዋል። እናትየው ልጃቸውን አዝለው እዚህ ደረሱ፤ ትምህርት ቤት እያጸዱም ብቻቸውን አሳደጓት። በልማዱ መሠረት የአባትነቱን ቦታ የያዙት የሟቹ ወንድሞች ነበሩ፤ በተለይም ታላቅየው። እኛ ደግሞ ቅድመ አያቶቻችን ክርስትና የተነሡ፣ ዘግይተን የመጣን ነን። ጎንደር ከተማ ዓመታት ጠብቀን፣ እዚህ ከደረስን በኋላ የግዩርን ሥርዓት ፈጽመን ወደ ይሁዲነት የተመለስን ነን። ታላቅ አጎቷ ይህን ልዩነት በአፋቸው አንሥተውት አያውቁም። ሽማግሌ በላክን ጊዜ ግን የአባቴን አገር፣ የአያቴን አገር፣ የአያቴን እናት አገር እያሉ ሲጠይቁ የጥያቄው ብዛት ራሱ ይናገር ነበር። ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ሌላ እንቅፋትም አልተገኘም።

አንድ ነገር ግን አጎቷን አስቆጥቷቸው ነበር። አንድ ቀን እጮኛዬ ቤት ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ከወጣሁ በኋላ እናቷ ለጎረቤት «ልጁን ወድጄዋለሁ፤ እሺ ብያለሁ» ብለው ኖሯል። ሮቫ ዳሌት ውስጥ ለጎረቤት የተነገረ ነገር ሳይውል ሳያድር ከሁሉም ጆሮ ይደርሳል። የባላቸውን ወንድሞች ሳያማክሩ እሺ በማለታቸው ከእንግዲህ እኔ የእሳቸው ምርጫ ሆንኩ። ጥሩ ብሆን ጥሩ መርጠዋል ይባላል፤ ካልሆንኩም ወቀሳው የእሳቸው ነው።

ስለዚህ ጥሎሹ ሲቃረብ እጮኛዬን ምን እንድገዛላት እንደምትፈልግ ብጠይቃት መልሷ አጭር ነበር።

«ወርቅም ያሃሎምም አላልኩህም» አለች፤ ያሃሎም በዕብራይስጥ አልማዝ ነው። «በጥሎሹ ቀን እናቴ አጎቶቼ ፊት እንዳታፍር። ሌላ አልፈልግም። ቤሴዴር?»

«ቤሴዴር» አልኳት። እሺ ማለቴ ነበር፤ እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም ነበር።

የእኔ እናት መላው ወዲያው ነበር የታያት። «ድሪ ግዛ» አለችኝ፤ «ከበር የሚታይ።» ትክክል ነበረች። የጥሎሽ ጌጥ የሚያዘው በሁለት እጅ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ጓዳ ያለውም፣ ደረጃው ላይ የቆመውም እንዲያየው ነው የሚመጣው። ግን ባለፈው ዓመት የታላቅ አጎቷ ልጅ ስታገባ የመጣውን ድሪ አይቼዋለሁ፤ ልጅቷ እሱን አጥልቃ አንገቷን ማዞር አቅቷት ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ላመጣ አልችልም፤ ከዚያ የሚያንስ ባመጣ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው የሚያስተያዩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ወርቅ የሚወዳደረው በሚዛን ነው። አልማዝ በጥራት ነው። ጥራት ደግሞ የእኔ ሜዳ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በጊዜው ይህ በጣም ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ሮቫ አሌፍ ውስጥ በፀጉር አስተካካዩና በዓሣ ሻጩ መካከል አንድ ጠባብ ወርቅ ቤት ነበር። ባለቤቱ በልጅነታቸው ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ለቀለበት የሚሆን አልማዝ ልገዛ ነው ስላቸው ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው ጥቂት ድንጋዮች ጣል ጣል አደረጉበትና ከላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች አበሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንቦገቦጉ።

«መብራቶቹን ያጥፉልኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ወደብ ላይ እህል የምናየው በመስኮት ብርሃን ነው።»

ቅንድባቸውን አነሡ፤ ግን አጠፉት። ሰው ሁሉ የሚገዛው መብራቱን እንደሆነ፣ ድንጋዩን ለመግዛት የመጣ ሰው ካዩ ብዙ ጊዜ እንደሆናቸው ነገሩኝ። እንዲህ ማለታቸው እኔን ለመሸንገል ሊሆን ይችላል። ከሆነም ተሳክቶላቸዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ አውቶቡሱን እዚያው ሰፈር እየወረድኩ እንደ ተማሪ ሱቃቸው እመላለስ ጀመር።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ አቆራረጡን ነው። ድንጋዩ ከልክ በላይ ጥልቅ ሆኖ ከተቆረጠ ከላይ የገባው ብርሃን ወደ ዓይን ሳይመለስ በሥሩ ይወጣል፤ መሐሉም ይጨልማል። ከልክ በላይ ጠፍጣፋ ቢሆንም ያው ነው። «ሰው የሚሠራው ይህን ብቻ ነው» አሉኝ፤ «የቀረውን መሬት ነው የሠራው።» ቀለሙ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጠራል። ምንም ቀለም የሌለው ዲ ይባላል፤ ከዚያ ወደ ቢጫነት እያዘነበለ እስከ መጨረሻው ፊደል ይወርዳል። ከዲ በፊት ያሉት ፊደሎች የት ሄዱ ብዬ ጠየቅሁ። ድሮ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ መንገድ ሲጠቀምባቸው ስለተበላሹ ከአዲስ ፊደል መጀመር ግድ ሆነ አሉኝ። ቀለሙን ለማየት ድንጋዩን በፊቱ ደፍተው በታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡታል፤ ከፊት ከታየ ብልጭታው ያታልላል። ደረጃቸው ከታወቀ ድንጋዮች አጠገብም እያደረጉ ያስተያዩታል። ይህ አሠራር በጣም ደስ አለኝ። እኛም ለስንዴው ማስተያያ የምናደርገው ናሙና በጠርሙስ ተደርድሮ አለን።

ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ሰጡኝ። ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ ብረት ልባሱ ውስጥ የሚታጠፍ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ነገር ነው። ዓይኔ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድንጋይ ባይበት የታየኝ ጭጋግ ብቻ ነው። ሳቁብኝ።

«ድንጋዩን ወደ አንተ አምጣው» አሉ። «ሌላም። ሽፋሽፍትህን ሊነካ ሲል ነው የሚታይህ። ክንድ ያህል አርቀህ ከያዝኸው ሌሊቱን ሙሉ ብታፈጥም ምንም አታይም።»

እንዳሉኝ ባደርግ ጭጋጉ ተገፈፈና ግድግዳው ሁሉ መስተዋት የሆነ ቤት ውስጥ ገባሁ። በአንዱ ጥግ አንዲት ነጭ ነጥብ ነበረች፤ በሌላው ደግሞ የላባ ጫፍ የመሰለ ስንጥቅ። እንከን የሚባለው ይህ ነው። ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች የእንከኑን ትልቅነትና ቦታ እያዩ ይለያሉ፤ በዚህ መነጽር ምንም ያልታየበት ከሁሉ በላይ ይሆናል። ያን ቀን ከሱቁ መውጣት አልፈለግሁም፤ ዓሣ ሻጩ በሩን ሲዘጋ ነው የወጣሁት።

የቀረው ክብደቱ ነበር። ካራት የሚለው የመመዘኛው ስም የመጣው ሐሩቭ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ነው፤ ሁሉም ፍሬ ክብደቱ እኩል ስለሆነ ጥንት ድንጋይ ይመዝኑበት ነበር አሉኝ። የሐሩቭ ዛፍ እጮኛዬ ከምትኖርበት ሕንጻ ፊት ለፊት አለ። ፍሬውን ለቅሜ ወደብ ወስጄ በናሙና ሚዛናችን ብመዝነው አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። በማግስቱ ሄጄ ነገርኳቸው።

«አሁን እኮ በግራም ነው፤ የግራም አንድ አምስተኛ» አሉኝ ሳይደነግጡ። «የፍሬውን ነገር የምናገረው ደንበኛ ደስ እንዲለው ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ደስ እንዲለኝ ብለው የነገሩኝ ነገር የለም።

በመጨረሻ ሁለት ድንጋዮች ቀሩ፤ ዋጋቸው እኩል ነው። አንደኛዋ ትልቅ ናት፤ አቆራረጧ መልካም ነው፤ ቀለሟ ግን በፊደሉ ትንሽ ወረድ ያለ ነው፤ ከዳር በኩልም ነጥብ አለባት። ሁለተኛዋ ትንሽ ናት፤ ዲ ናት፤ መነጽሩን ይዤ ብዙ ብፈልግም ምንም አላገኘሁባትም።

«ትልቋን ውሰድ» አሉኝ ሽማግሌው። «ነጥቧ በዓይን አይታይም።»

«በመነጽር ይታያል።»

«መነጽር ይዞ ሠርግ የሚሄድ ማነው? ቀለበቷን የሚያዩት እነማን ናቸው?»

«ዘመድ በሙሉ።»

«የት ሆነው?»

«ሳሎን ውስጥ።»

«እንግዲያው ትልቋን ውሰድ።»

ነጋዴ እንከን ያለበትን ዕቃ ውሰድ ውሰድ ሲል ምን ታስባላችሁ? እኔም ያንኑ አሰብኩ። ትንሿን ወሰድኩ፤ ቀለበት ላይ አስቀመጡልኝ። መነጽሩንም ልግዛው ብላቸው «ይኼ ስጦታ ነው፤ ለዘመዶችህ ይሁን» አሉኝ። ሲቀልዱ ይሁን ሲያዝኑልኝ አልለየሁም።

ቀለበቱን ለእጮኛዬ ሳሳያት «ያፋ» አለች፤ ቆንጆ ናት ማለቷ ነው። ከዚያ «እማ ይታያታል?» አለችኝ።

«መነጽር አለኝ» አልኳት።

ጥሎሹ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እናቷ ቤት ተደረገ። ከጎረቤት የተሰበሰበ የፕላስቲክ ወንበር ሳሎኑን ሞልቶ ወደ ደረጃው ወጥቷል። ጣሪያው ላይ ረጅም የኒዮን መብራት አለ፤ ሁሉን ነገር እኩል የሚያነጣ፣ ምንም ነገር እንዲያብረቀርቅ የማያደርግ መብራት። እኔ በደንቡ መሠረት አቀርቅሬ ተቀምጫለሁ። የእናቴ ወንድም ሽማግሌያችን ሆነው ዕቃውን አንድ በአንድ ያነሣሉ። የሙሽራይቱ ወገን የመጣውን ሁሉ ማናናቅ ልማዱ ነው፤ ቀሚሱ ሲነሣ አንዷ «ይኼ ለሙሽራ ነው ለአሻንጉሊት?» አለች፤ ጫማው ሲነሣ ሌላዋ «ሁለተኛው እግር የት ቀረ?» አለች። ሁሉም ይስቃል፤ ሽማግሌያችንም መልስ ይሰጣሉ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ከዚያ ሽማግሌያችን ትንሿን ሣጥን ከፍተው ቀለበቱን በሁለት ጣታቸው ከፍ አደረጉት። ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ከበሩ በኩል አንዲት ሴት «ሣጥኑ ባዶ ነው እንዴ?» አለች፤ ጥቂቶች ሳቁ። ታላቅ አጎቷ እጃቸውን ዘረጉና ቀለበቱ ተሰጣቸው። አገላበጡት፤ ወደ መብራቱም ከፍ አደረጉት።

«ይቺ ናት?» አሉ። «በሉ የቀረውን አምጡ።»

ማንም አልሳቀም። ንግግሩ ከሌሎቹ ማናናቂያዎች በምንም አይለይም፤ በየጥሎሹ የሚባል ነው። ግን ልማዱን እያደረሱ ይሁን ከልባቸው የምለይበት መሣሪያ አልነበረኝም። እናቴን ቀና ብዬ ባይ ዓይኗን ጨፍናለች። ያን ጊዜ ሙሽራ በጥሎሹ ላይ የማያደርገውን አደረግሁ፤ ተነሥቼ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ይቺ ድንጋይ ትንሽ ብትሆንም ደረጃዋ ትልቅ ነው» አልኩ። «ቀለም የሚባል የለባትም።»

«ቀለም የላትም?» አሉ አጎቷ ወደ ወንድሞቻቸው እየዞሩ። በእኔ ትምህርት ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም፤ በእሳቸው ግን ከጉድለቱ ላይ ሌላ ጉድለት ተጨመረ። ስለ ፊደሉ ላስረዳ ጀመርኩ። መነጽሩን ከኪሴ አውጥቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። «በዚህ ይዩት፤ ውስጧ ንጹሕ ነው።»

አልተቀበሉኝም። «እኔ በዚህ ዓይኔ ነው በረሃ ያቋረጥኩት» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አሁን ድንጋይ ለማየት ሌላ ዓይን ልዋስ?» ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩ። የእጮኛዬ እናት እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ እዚያ ቆመዋል።

«አንቺ ነሽ እሺ ያልሽው» አሏቸው። «እስቲ አንቺ እዪና ንገሪን። የሚታይ ነገር አለ?»

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጥያቄው ስለ ቀለበቱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። እጮኛዬ ከመጋረጃው ኋላ ወጥታ ቆመች። ለእሷ የገባሁት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በዓይኔ ፊት ሊፈርስ ነው። ድሪውን ብገዛ ኖሮ ብዬ ከልቤ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው።

እናትየው ቀስ ብለው መጥተው ተቀመጡ። ቀለበቱን ከአጎቷ ተቀብለው ጭናቸው ላይ በመሐረቡ መሐል አኖሩት። መነጽሩን ከእጄ ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አደረጉና አቀርቅረው ማየት ጀመሩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ያያል፤ እኔ ግን የማየው በዓይናቸውና በጭናቸው መካከል ያለውን ርቀት ነበር። ክንድ ያህል ነው። በዚያ ርቀት ምን እንደሚታይ ዐውቃለሁ። ጭጋግ ነው፤ ቀለበት መሆኑ እንኳ አይለይም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

እናትየው ቀና አሉ። አጎቷን ፊት ለፊት አዩዋቸው።

«አየሁት» አሉ። «ንጹሕ ነው። እስከ ውስጡ ድረስ ይታያል። ለልጄ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

አጎቷ ተመለከቷቸው፤ ወደ ቀለበቱ ግን አላዩም። «እንግዲህ እናቷ ካየች እኔ ምን እላለሁ» አሉና ምርቃቱን ጀመሩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሽማግሌያችን ግንባራቸውን ጠረጉ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አፈርኩ፤ ደግሞም እስከዚያ ቀን ድረስ ከወላጆቼ በቀር ማንንም ትልቅ ሰው እናቷን እንደወደድኩ ወድጄ አላውቅም።

እንግዳው ሲወጣ ወንበሮቹን እያጠፍኩ ለጎረቤት ስመልስ ከወጥ ቤት ተጠራሁ። የእጮኛዬ እናት ብቻቸውን ነበሩ። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉትና መሐረባቸውን ፈቱ፤ መነጽሩም ቀለበቱም እዚያው ውስጥ ናቸው።

«ና እስቲ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚያዘው?»

አሳየኋቸው። «ከዓይንዎ ጋር ያጣብቁት። አሁን ቀለበቱን ወደ ላይ ያምጡት። ሌላም። ሽፋሽፍትዎን ሊነካ ሲል ነው።»

ከምድጃው በላይ አንዲት አምፖል ነበረች፤ ቢጫ፣ ተራ አምፖል። ከሥሯ ቆመው ቀለበቱን ቀስ በቀስ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በአንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ። በዚህ ጊዜ የምር እያዩ ነበር። ወደብ ላይ ናሙና አቅርቤ ደረጃ ሰጪዎቹ እስኪናገሩ እንደምጠብቀው ጠበቅሁ፤ ግን እዚያ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

መነጽሩን አውርደው አጠፉትና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«እውነትም ምንም የለባትም» አሉ። ቀለበቱን አንዴ ራቅ አድርገው፣ ያለ መነጽር፣ በባዶ ዓይናቸው አዩት።

«ግን ትንሽ ናት፣ ልጄ።»

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው። «ትንሽ ናት።»